ለእንግዳ ገብስ የተሰጠ መሬት

«ታዲያ የሰው አደራ ጭንጫ ላይ ልዘራው ኖሯል?» አሉ አጎቴ። «ከተማ ከረምህና ነውር የሚባል ነገር ጠፋብህ?»

«ጭንጫ ላይ ይዝሩት ያለዎት የለም። ሁለቱን እኩል መሬት ላይ ይዝሩ ነው የተባሉት።»

«እኩል ነው እንጂ! አንድ ማሳ ነው። በአንድ ቀን አርሼ በአንድ ቀን የዘራሁት።»

«ከብቶቹ በጋውን ያደሩት በየትኛው ጎን ነው?»

ዓይናቸውን ወደ ቀኙ ጎን ጣል አደረጉ። የቆምነው ነዶው ከተነሣበት ማሳቸው መሐል ነበር። በቀኝ በኩል ያለውን የገብስ ጉቶ ስነቅል ከሥሩ የደረቀ እበት ፍርፋሪ ይወጣል። በግራ በኩል ያለውን ስነቅል ጠጠር ይወጣል። ክረምቱን ሁሉ ሰብሉ ቆሞ አፈሩን ሸፍኖት ነበር፤ ልዩነቱ የታየው ያን ዕለት፣ ማሳው ራቁቱን ሲቀር ነው።

«ቢያድሩበትስ?» አሉ በመጨረሻ። «እንግዳ ሲመጣ አጎዛው የሚነጠፍለት የት ነው? በር ላይ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር የመጣች አንዲት ተመራማሪ ለመንደራችን አዲስ የገብስ ዘር ይዛ መጥታ ነበር። አምስት ገበሬዎች ዘሩን ወስደው ከአገሩ ገብስ ጋር ጎን ለጎን ይዘሩታል፤ የቱ እንደሚሻልም ራሳቸው ይፈርዳሉ። አጎቴ ከአምስቱ አንዱ ነበሩ። እኔ ደግሞ ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ የተቀጠርሁ የመስክ ረዳቷ ነበርሁ፤ ቁመት እለካለሁ፣ ዛላ እቆጥራለሁ፣ ሲመሽ ወደ ደባርቅ ወጥቼ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ማንም ያላዘዘኝን ግጥም እጽፍ ነበር።

አጎቴ የእሷን ዘር ከብት ካደረበት ጎን፣ የራሳቸውን ከባዶው ጎን ዘሩት። የእንግዳው ገብስ ደረት ደረሰ፤ የአገሩ ገብስ ጉልበት ላይ ቀረ። እሷም በሜትርም በዓይንም አይታ ደስ አላት። ያን ዕለት ልትመጣ ነበር፤ የሁለቱ ገብስ ቆሎ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ፣ ፍርድ ሊሰጥ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ዘሯን በስልቻ ይዛ መጥታ በአዲሱ ልትለውጥ ነበር። ያላት መሬት ዳገቱ ላይ የተለጠፈች አንዲት ቁራሽ ናት። ከብት የሚያድርባት አይደለችም፤ በሬዋ ራሱ አንድ ነው። ያቺ ቁራሽ ካልበቀለች ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትበላው የለም።

«አጎቴ፣ ለእሷ ይንገሯት» አልሁ።

«ለየትኛዋ?»

«ለሁለቱም።»

«ለእንግዳዬ፣ ክብር ሰጥቼዎ ሥራዎን አበላሸሁብዎ ልበላት?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ወደ ቤት አቀኑ።

የሚገርመው አጎቴ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። በዚያው ቀን ጠዋት በቀሩት አራት ገበሬዎች ማሳ ዞሬ ነበር፤ ክረምቱን በየተራ ያየሁት ነገር ያን ዕለት ነው የተገጣጠመልኝ። አንደኛው ገበሬ የእንግዳውን ዘር የእናቱ አመድ ሲደፋበት በኖረ ጓሮ ዘርቶታል። ሌላው የእሷን ገብስ ሁለቴ አርሞ የራሱን ጭራሽ ሳያርም ትቶታል። «ጊዜ አጠረኝ» አለኝ፤ ሲለኝም አላፈረም። ሦስተኛው ልጆቹን የእሷ ገብስ ዳር ቁጭ አድርጎ ጭላዳ ሲያስጠብቅ ከርሟል፤ ዝንጀሮው በወዲያኛው በኩል ገብቶ የአገሩን ገብስ እንደ ልቡ ሲግጥ ልጆቹ ወንጭፋቸውን እንኳ አላነሡም። «ያኛው የኛው ነው» አሉኝ። አራተኛውም እንደ አጎቴ የእሷን ዘር ከብቶቹ ካደሩበት ጎን ዘርቶታል። አልተማከሩም። መማከርም አላስፈለጋቸውም። እንግዳ ሲገባ የቤቱ ሰው ብድግ እንደሚል ሁሉ እያንዳንዱ ለየብቻው ብድግ ብሏል።

መጀመሪያ የመጣች ቀን እኔ አልነበርሁም፤ የነገረችኝ እማዬ ናት። እማዬ የአጎቴ ሚስት ናት፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እማዬ እላታለሁ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር አለች። ተመራማሪዋ ቆማ «ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ ጥናቱ የናንተ ነው፤ እኔ አጋር ነኝ» ስትል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ፎቶ አንሥተው ሄደው አልተመለሱም። መሪጌታው ተነሡና «ባለቤቶቹ እኛ ከሆንን፣ አይሆንም ብንል ይቆማል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቆማል አባቴ።»

«እንግዲያስ አይቆምም!» አሉ መሪጌታው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ተመራርቆም ተበተነ። እማዬ ይህን ስትነግረኝ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «አይሆንም ብትሉ ይቆማል ያለችን የተማረ ሰው እሷ ብቻ ናት» አለችኝ። «እንዲያ ላለች ሰው እንዴት አይሆንም ይባላል?»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አይሆንም የማለትን መብት በሰጠችን ቀን አይሆንም ማለት የበለጠ ከበደ።

ስለ እሷ መጻፍ እፈራለሁ። ቆንጆ ነበረች ብዬ ብጀምር ውሸት አይሆንም፤ ግን የሚናፍቀኝ እሱ አይደለም። የሚናፍቀኝ በጃኬቷ ኪስ ቆሎ ይዛ እየቆረጠመች ዳገት የምትወጣው አወጣጥ ነው። በየመሐሉ ቆማ «ቆይ፣ ሳንባዬ ጎንደር ቀርቷል» ትል ነበር። ዶክተር ብለን ስንጠራት «ገና ነኝ፤ ይህ ገብስ ነው ዶክተር የሚያደርገኝ» ብላ ትስቅ ነበር። ከሥራ በኋላ ዳባት ድረስ ሸኝቻት የጎንደር ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ወያላው «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ሲል አምስት ሰው እንደሚጎድለው ሁለታችንም ስለምናውቅ አንቸኩልም። ያን ጊዜ ግጥሜን ትጠይቀኛለች።

ግጥሜን ያነበበ ሌላ ሰው አልነበረም። ደባርቅ ውስጥ ግጥም የሚወድ ሞልቷል፤ የእኔን ግን ማን ያነባል? ትምህርቴን አቋርጬ የወጣሁ፣ ከተዋስሁት መጽሐፍ ሌላ አስተማሪ ያልነበረኝ ሰው ነኝ። እሷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን በመስመሩ ላይ ታስኬዳለች። ማሳ ስታይም እንዲሁ ነበረች። «እዚህ ላይ ዋሽተሃል» ትለኛለች። «ጉሙ እንደ ሐር ነው ያልከው፤ ሐር አይተህ ታውቃለህ?» አላየሁም ነበር። «ታዲያ የምታውቀውን በለው።» ተናድጄ ወረቀቱን እነጥቃትና በሌላ ሳምንት ጉሙ ጭስ የጠጣ የበግ ሱፍ ሆኖ ይመለስላታል። «አሁን ሸተተኝ» ትለኛለች። ከዚያ የተሻለ ምስጋና እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሁንም ዳባት ስወርድ እዚያች ሻይ ቤት እገባለሁ። ባለቤቷ ተለውጣለች፤ አግዳሚው ያው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተመራማሪዋ አልተመለሰችም። ወደ ሌላ አገር ተላከች የሚል ሰው አለ፤ ጥናቱን ጥላ ሥራ ያዘች የሚልም አለ። የሰጠችኝ ስልክ ለብዙ ጊዜ «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለ ሲመልስልኝ ኖሮ በኋላ እሱም ቀረ። ያኔ ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር፤ እኔም ደመወዝ ሳይኖረኝ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ ያን ጉብታ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት እግዜር ይወቀው። ከታች ያየኝ ሰው በግ ጠፍቶበት ነው ሊል ይችላል።

በዚያ ቀን ግን ገና አልሄደችም ነበር። ረፋዱ ላይ መጣች፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፊቷ በብርዱ ቀልቶ፣ ከበሩ ላይ «ዛሬ ነው ፍርዱ!» እያለች። አጎቴ ብድግ አሉና መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉላት። እማዬ ሁለቱን ቆሎ በሁለት ሰፌድ አቀረበች። ጎረቤታችን ስልቻዋን በር ሥር አስደግፋ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ምላሷ ስለት ነው፤ አጎቴ ይፈሯታል፤ ግን ያለ እሷ አያርሱም። የእሳቸው በሬ አንድ ነው፤ የእሷም አንድ። ሁለቱን ጠምደው፣ አንድ ቀን የእሳቸውን አንድ ቀን የእሷን የሚያርሱ መቀናጆ ናቸው።

«በሉ ቅመሱ፤ እውነቱን ብቻ» አለች ተመራማሪዋ።

አጎቴ ከእንግዳው ቆሎ አንድ ጭብጥ ወደ አፋቸው ወርወር አድርገው «ግሩም ነው!» አሉ ገና ሳያኝኩት።

«እማማስ?»

«ኧረ እጅ ያስቆረጥማል» አለች እማዬ። ጠዋት ስትቆላው «ምነው እንዲህ ገለባው በዛ፣ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል» ስትል ሰምቻታለሁ። አየኋት፤ ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰችው።

«የአገሩስ?»

«እሱማ ያው ነው። የቤት ልጅ ምን ይመሰገናል?»

ተመራማሪዋ ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ደስ ይላታል። ወደ ጎረቤታችን ዞረች። ጎረቤታችን ከሁለቱም ዘግና እያላመጠች «እኔ የመጣሁት ለመቅመስ አይደለም፤ ለመዝራት ነው። ቁመቱን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ልክ በልክ ለውጪኝ። ይኸው ዘሬ፣ ጥርግ አድርጌ ነው ያመጣሁት» አለችና ስልቻዋን መታ መታ አደረገች።

«ሁሉንም?» አለች ተመራማሪዋ።

«ምን ላስቀር? ልጆቼ አንድ ዓመት እንኳ ይጥገቡ እንጂ።»

አጎቴን አየሁ። አጎቴ ሰፌዱን አዩ። እጃቸው ቆሎ እንደጨበጠ ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል። መናገር የምችል እኔ ነበርሁ፤ ግን በሽማግሌ ቤት፣ ሽማግሌው የሠራውን፣ በእንግዳ ፊት ማን ይናገራል? ካልተናገሩ እኔ እንደምናገር ላሳውቃቸው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሳቸውም ገባቸው።

«አንቺ» አሉ ለጎረቤታችን። «መሬትሽ ያቺ ዳገቷ ናት አይደል?»

«የማታውቃት ይመስል! ማን ያርሳታል ታዲያ? በሬዬ ብቻውን ነው የሚያርሳት?»

«ያን ገብስ ዳገት ላይ አትዝሪው።»

«ለምን? ለኔ ሲሆን ነው ዘሩ የሚሰስተው?»

«ዳገት ላይ ማንም አልዘራውም።»

ተመራማሪዋ ቀና አለች። «እንዴ፣ አባቴ፣ የእርስዎም ማሳ እኮ ተዳፋት ነው። ጎን ለጎን ነው የዘሩት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አጎቴ ቆሎውን ወደ ሰፌዱ መለሱት። ከዚያ በፊት እርስዎ ሲሏት ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ አሏት፦ «ስሚኝ ልጄ። በቀኝ በኩል፣ ያንቺ ገብስ ባለበት፣ ከብቶቼ በጋውን አድረውበታል። አንቺ ማሳውን ልታዪ የመጣሽው ከታረሰ በኋላ ነው። አንድ ማሳ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አዎ አልሁሽ። ዋሽቼም አይደለም።»

ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

«ሌሎቹስ?» ያለችው ለእኔ ነበር።

ነገርኋት። አመዱን፣ አረሙን፣ ጭላዳውን። ስነግራት መጀመሪያ ሳቅ ያዛት፤ የልጆቹን ወንጭፍ ስነግራት በደንብ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አምስቱም?» አለች። «አምስቱም፣ ሳይነጋገሩ?»

«ይቅር በይን» አለች እማዬ።

«እማማ፣ ምን ብዬ ነው ይቅር የምላችሁ? አክብራችሁኝ?» እጆቿን በፊቷ ላይ አሳለፈቻቸው። «አንድ ዓመቴ ሄደ። የላኩኝ ሰዎች ለዚህ ቦታ ሌላ ዓመት የላቸውም፤ ነግረውኛል። እኔም ሌላ ዓመት የለኝም።»

ያን ጊዜ አጎቴ ያሉትን ሳስበው እስከ አሁን ይጨንቀኛል፤ ከደግነት የመጣ ነበርና። «እንግዲያስ እንዲህ ይሁን» አሉ። «እኛ አንናገርም። አንቺም ለሰዎችሽ ያየሽውን ያማረውን ንገሪያቸው፤ ደግሞም አይተሻል። ዶክተር ሁኚ፤ ደስ ይበለን። ለዚች ለጎረቤቴ ብቻ ዘሩን አትስጫት። ነገሩ እዚሁ ቤት ይቀራል።»

በዚያች ቅጽበት የምመኘው ነገር ምን እንደነበር አልደብቅም። እሺ እንድትል ተመኘሁ። እሺ ካለች ትመለሳለች፤ ትልቅ ሰው ሆና በመኪና ትመጣለች፤ ዳባት ላይ ሻይ እንጠጣለን። ፊቷን አየሁት፤ እሷም ለአፍታ ያንኑ ያየች መሰለኝ።

ጎረቤታችን ግን እሺንም እንቢንም አልጠበቀችም። «እግዜር ያሳይህ!» አለች ወደ አጎቴ ዞራ። «ያማረውን ሰምተው ዘሩን የሚወስዱ፣ ወዲያ ማዶ ያሉትስ? ከዳባት በታች ያሉትስ? ለነሱ ማን ይነግራቸዋል? እንዲህ የሚነግራቸው መቀናጆ አላቸው እንዴ?» ቀጥላም ወደ ተመራማሪዋ፦ «አንቺም ብትሆኚ። አጋር ነኝ ስትዪ እኔም ከኮሶው ሥር ነበርሁ። እኔና ይኼ ሰውዬ በሬ ስናቀናጅ መጀመሪያ ምን እንባባላለን መሰለሽ? የኔ በሬ ትከሻው ቆስሏል፣ ቀስ አድርገው እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የኔው ፈሪ ነው፣ ገደል ዳር አይሄድም ይለኛል። ነውር አይደለም። ካልነገርኩት በሬዬም ይሞታል፣ መሬቱም ጦም ያድራል። እናንተ ግን ተመሰጋግናችሁ ተለያያችሁ!»

«አንቺ ሴት፣ እንግዳ ናት፣ ቀስ በይ» አሉ አጎቴ።

«ይኸው! አሁንም እንግዳ!» አለች ጎረቤታችን፤ እማዬ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ተመራማሪዋ ከሰፌዱ አንድ ፍሬ አንሥታ በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ማሰብ ጀመረች፤ ጮክ ብላ። «ከብት የት ያድራል ብዬ አልጠየቅሁም» አለች። «ማሳውን ከታረሰ በኋላ መጥቼ ጎን ለጎን ዝሩ ብዬ ደንቡን ሰጠሁ፤ ደንቡም ከዚያው ከከተማ የመጣ ነው። ባለቤት ናችሁ አልሁና የቤቱን በር እንኳ ሳልጠይቅ ገባሁ።» ወደ አጎቴ ዞረች። «አይሆንም አባቴ። ያማረውን አልነግራቸውም። የሆነውን ነው የምነግራቸው።»

«የኛን ጥፋት?» አሉ አጎቴ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ገበሬዎቹ አበላሹብኝ ብለሽ? ስማችን እንዲያ ሆኖ ይጻፍ?»

ለካ የፈሩት ይህን ነበር። የዘሩን ነገር አይደለም። ክብር ብለው የሰጡት ነገር በሩቅ ከተማ፣ በማያውቁት ወረቀት ላይ ድንቁርና ተብሎ እንዳይጻፍ ነው።

«እንዴት ብዬ ልጻፈው ታዲያ?» አለች። ደብተሯን አወጣች፤ ግን አልጻፈችም፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «እናንተ ንገሩኝ። ያልተስማማችሁበትን አልጽፍም።»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። አጎቴ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንተ ግጥም ትጽፍ የለ? አንድ ነገር በል።»

እውነት ለመናገር አንድ ሁለት ስንኝ ነበረችኝ፤ ጠዋት ከማሳ ወደ ማሳ ስዞር የመጣችልኝ፦

ለእንግዳ ተነሥተው የለቀቁት ወንበር፣
ባለቤቱን አቁሞ የሚያሳድር ነበር።

አልኋት። ለአፍታ አየችኝ። «ይህኛው አልዋሸም» አለች፤ ግን ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም፤ ለወረቀቱ የሚሆን እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ።

የተጻፈው ጎረቤታችን ያለችው ነው። «አልጠየቁንም፣ አልነገርናቸውም ብለሽ ጻፊ። ሁለቱንም። አንዱን ብቻ ከጻፍሽ ግን አብረን አልሠራንም በይ» አለች። ተመራማሪዋ ጻፈችው፤ ቃል በቃል አነበበችልን፤ አጎቴ «ሁለተኛ አንብቢው» አሏት፤ አነበበችው። ከዚያ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ጭላዳው አንድ በአንድ ጠየቀች። በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ከክረምቱ ሁሉ የበለጠ ሥራ ተሠራ። እማዬ ስለ ቆሎው ገለባ ተናገረች። «ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «ኧረ እኔም ተሰንቅሮብኛል!» አለች ተመራማሪዋ፤ ሁላችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ነው የሚናፍቀኝ። አምስት ሰው በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ ከሰፌድ እየዘገነ፣ ስለ አንድ ገብስ እውነቱን ሲነጋገር። መጀመሪያው ቀን እንዲያ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። መጨረሻችን ሲደርስ ነው ጅማሬው የገባን።

ጎረቤታችን ስልቻዋን አልለወጠችም። «ለመሞከሪያ» ብላ ከአዲሱ ዘር አንድ ጭብጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ከዳገቷ ጥግ ላይ እዘራዋለሁ። ከአገሬው ጋር ጎን ለጎን፣ ጠጠሩ ላይ። እንደ እንግዳ አላየውም፤ ካልበቀለ አልበቀለም እልሻለሁ።»

«ማን ይሰማሻል? እኔ አልኖርም ይሆናል» አለች ተመራማሪዋ።

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ ብቻ እልሻለሁ።»

በቀጣዩ ክረምት በእርግጥ ዘራችው። እንዴት እንደሆነም አይታለች፤ እኔም አይቻለሁ፤ ለመንገር ያን ጉብታ ወጥቼ ስልክ ደውያለሁ። ግን ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ሰዓት እያለቀ ነው።

ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር። ካልቸኮለች ከዳባት ሚኒባስ አታገኝም። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ተነሣች፤ እማዬን ሳመቻት፤ ጎረቤታችንን ትከሻ ለትከሻ ሳመቻት። የአጎቴን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል በሁለት እጃቸው ቀና አደረጓት። አጎቴ ዱላቸውንና ጋቢያቸውን አነሡ። እማዬ ነጠላዋን ተከናነበች። እኔም ጫማዬን ማሰር ጀመርሁ። በአገራችን እንግዳ ብቻውን አይሄድም፤ እስከ ወንዙ፣ ቢያንስ እስከ ዳገቱ ጫፍ ይሸኛል።

እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ልንሸኝሽ ነው እንጂ።»

«የሚሸኘው እንግዳ ነው» አለች። «እናንተ ከቤት ወደ ማሳ ስትወጡ ማን ይሸኛችኋል?»

አጎቴ ዱላቸውን እንደያዙ ቆሙ። ያን ያህል ሲጨነቁ አይቻቸው አላውቅም፤ የፊታቸው ሥር ሁሉ ተገተረ። ጎረቤታችን ጋቢያቸውን ሳብ አደረገችና «ተቀመጥ፤ ጠየቀችህ እኮ» አለቻቸው። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እማዬም ተቀመጠች። እኔ የጫማዬን ክር በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ።

አየችኝ። እኔን ብቻዬን ና ብትለኝ እስከ ጎንደር በእግሬ እሄድ ነበር። «ደህና ሁን» ብቻ አለች። እኔም «ደህና ሁኚ» አልሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሁኑ» ሳይሆን «ሁኚ» አልኋት። ፈገግ አለች፤ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ አዙራ ወጣች። የቦት ጫማዋ ድምፅ በግቢው ድንጋይ ላይ ጥቂት ተሰማ። ነፋሱ በሩን ሊያላትመው ሲል ከውጭ በእጇ ያዘችው፤ ቀስ ብላ ሳበችው፤ ዘጋችው።